ስድስት ተጓዥ በአንድ ማውስ፦ የቡድን አርፒጂ ጌሞች ለምን ያበሽቃሉ?



በሴሚስተር ዕረፍት አንድ የዶርም ጓደኛዬ ላፕቶፑን ጠርቅሞ ዘጋና «ወላሂ ሁለተኛ አልነካውም» አለ። ምን ሆነህ ብለው፣ ስድስት ሰው አስከትሎ በአንድ ጠባብ ዋሻ ለማለፍ አርባ ደቂቃ ሲታገል እንደቆየ ነገረኝ። ጠላት አላስቸገረውም። ወጥመድም አልያዘውም። የገዛ ሰዎቹ ናቸው እርስ በርስ መንገድ እየተዘጋጉ ያሰቃዩት። አንዱ ወደፊት ሲሄድ ሌላው ይመለሳል፤ ሦስተኛው መንገዱ የተዘጋ መስሎት በሌላ በኩል ዞሮ ብቻውን ጠላት መካከል ይገባል። ጌሙ በ1998 የወጣው ባልዱርስ ጌት ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ዋሻው ደግሞ ፋየርዋይን ከተባለው ድልድይ ሥር ያለው። ይህን ጌም የተጫወተ ሰው የዚያን ቦታ ስም ሲሰማ ፊቱ ይለዋወጣል።

ጓደኛዬ ግን በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ከፈተው። የዚህ ዓይነት ጌም ወዳጆች ጠባይ እንዲህ ነው፤ ይማረራሉ፣ ይምላሉ፣ ይመለሳሉ። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። የሚያማርሩን ነገሮች ላለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ብዙም አልተለወጡም፤ ጌሙን የሚሠራው ድርጅት ይለወጣል፣ ሥዕሉ ያምራል፣ ብሶቱ ግን ያው ነው። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ሳስብ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ፤ በተለይ ሶፍትዌር የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች አንድ ቀን ኢንሻአላህ የራሳችሁን ስትሠሩ ትጠቀሙበት ይሆናል።

ለማያውቀው ባጭሩ ልበል። አርፒጂ ማለት አንድ ገጸ ባሕርይ ይዛችሁ፣ እያሳደጋችሁትና እያስታጠቃችሁት፣ በአንድ ረጅም ታሪክ ውስጥ የምትጓዙበት ጌም ነው። እዚህ የማነሣው ከነዚህ ውስጥ በቡድን የሚኬድባቸውን ነው፦ አንድ ተዋጊ፣ አንድ ፈዋሽ፣ አንድ ቁልፍ ሰባሪ፣ አንድ ድግምተኛ እያለ ከሦስት እስከ ስድስት ሰው የምታዙበት። በፈረንጅ አፍ «ፓርቲ» ይሉታል፤ ከምርጫ ቦርድ ጋር ግን ምንም ግንኙነት የለውም። ልብ ወለዱ ድግምትና ጣዖት የበዛበት ስለሆነ ይዘቱን የሚጠይቅ ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልሱም ከኡስታዞቻችን ዘንድ ነው። እኔ የማወራው ስለ አሠራሩ ብቻ ነው።

ከጠረጴዛ ወደ ኮምፒውተር

የእነዚህ ሁሉ ጌሞች አባት ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባል በወረቀትና በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 አወጡት። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል፤ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል። ከመካከላቸው አንዱ ግን ገጸ ባሕርይ አይይዝም፤ የጨዋታው መሪ ይሆናል። ዓለሙን የሚተርከው፣ ጠላቶቹን የሚያንቀሳቅሰው፣ «ይህን ማድረግ እችላለሁ?» ሲባል የሚፈርደው እሱ ነው። ሰዎቹ ሲሰለቹ ያፈጥናል፤ ሳያውቁ ወደ ሞት ሲሄዱ «እርግጠኛ ናችሁ?» ብሎ ዓይን ዓይናቸውን ያያል።

በ1981 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩ ሁለት ልጆች፣ አንድሩ ግሪንበርግና ሮበርት ውድሄድ፣ ዊዘርድሪ የተባለውን ጌም ለአፕል 2 ኮምፒውተር አወጡ። ስድስት ገጸ ባሕርያት ለአንድ ተጫዋች! ከዚያ ወዲህ የመጡት የቡድን ጌሞች ብዙዎቹ የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው።

የብሶታችን ምንጭ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ሕጉ የተጻፈው ለብዙ ጭንቅላትና ለአንድ ዳኛ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ሲመጣ የአምስትና የስድስት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ላይ ተጫነ፣ ዳኛው ደግሞ ቀረ። የሚያበሽቁንን ነገሮች አንድ በአንድ ብታዩዋቸው፣ አንዱ ከሌላው የማይገናኝ ቢመስልም፣ ወይ ከመጀመሪያው ወይ ከሁለተኛው የመነጩ ናቸው።

የእንቅልፍ ነገር

ከሁሉም በላይ የሚያከራክረው ዕረፍት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

በቀድሞው ሕግ ድግምተኛ ያዘጋጀውን ድግምት አንዴ ከተጠቀመበት አለቀ፤ መልሶ የሚያገኘው ተኝቶ ሲነሣ ነው። በባልዱርስ ጌት መጀመሪያ ላይ አንድ ተራ ድግምተኛ በቀን አንድ ድግምት ብቻ ነው ያለው። የሕይወት ነጥቡ 4 ነው፤ ሰውነቱ ጠንካራ ከሆነ ቢበዛ 6። ተኩላ ቢያገኘው ተረቱ አለቀ። ታዲያ ተጫዋቹ ምን ያደርጋል? አንዴ ይወረውራል፣ ስምንት ሰዓት ይተኛል፣ ተነሥቶ እንደገና አንዴ ይወረውራል፣ ይተኛል። አገር እየነደደ ነው፣ ጊዜ የለም እየተባለ ጀግኖቻችን በቀን ሦስቴ ይተኛሉ።

ጠረጴዛው ላይ ይህ አይሆንም። ሦስተኛውን እንቅልፍ ስትጠይቁ መሪው ፈገግ ብሎ «እሺ፣ ተኙ። ስትነሡ ግን የታሰረችው ልጅ ተወስዳለች» ይላችኋል። ማሽኑ ይህን አያውቅም። ባልዱርስ ጌት ያለው ቅጣት ተኝታችሁ ሳለ አንዳንዴ አውሬ መምጣቱ ብቻ ነው፤ እሱም ከመጣ ቀድሞ ሴቭ የተደረገውን መልሶ መክፈት ነው።

ጌም ሠሪዎቹ ችግሩ ጠፍቷቸው አይደለም። ከዚያ ወዲህ ያደረጉት ሙከራ ራሱ አንድ ትምህርት ነው። ኦብሲዲያን የተባለው ድርጅት ከሕዝብ በተዋጣ ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ገንዘብ ጀምሮ በ2015 ፒላርስ ኦፍ ኢተርኒቲን አወጣ። እዚያ ለማደር ስንቅ ያስፈልጋችኋል፤ መያዝ የምትችሉት በመካከለኛ ክብደት 4፣ በከባዱ ደግሞ 2 ብቻ ነው። ሐሳቡ «በጥንቃቄ ተጠቀሙ» ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። ስንቅ ያለቀበት ተጫዋች ከዋሻው ይወጣል፣ ወደ ከተማ ይሄዳል፣ እንግዳ ማረፊያ ያድራል፣ ስንቅ ይገዛል፣ ይመለሳል። በየበሩ ሎዲንግ አለ። አላህ ያሳያችሁ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ተጫዋቹ አንድም ነገር አልወሰነም፤ የተከፈለው ዋጋ ትዕግሥቱ ብቻ ነው። እኔ ከዚህ ዘውግ ጥፋቶች ሁሉ የምጠላው ይህን ነው፦ ምርጫን ማክበድ አቅቶት መንገድን ማስረዘም። ኦብሲዲያኖች ይህን ያዩ ይመስለኛል፤ በ2018 በመጣው ዴድፋየር አብዛኛው ችሎታ በየውጊያው እንዲመለስ አደረጉ፣ ቡድኑንም ከስድስት ወደ አምስት ቀነሱት። «ዕረፍት ትርጉም አጣ» ብለው ያዘኑ ነበሩ። እኔ ግን እፎይ ካሉት ወገን ነኝ።

በዚያው ዓመት የወጣው ፓዝፋይንደር፡ ኪንግሜከር ተቃራኒውን መንገድ ያዘ። እውነተኛ ቀን መቁጠሪያ አስገባ። የመጀመሪያውን ሽፍታ ለመጣል 90 ቀን ይሰጣችኋል፤ ከዚያ በኋላ ራሳችሁ ግዛት ታስተዳድራላችሁ፣ ችግር በቀን ገደብ ይመጣል። በወረቀት ላይ ፍጹም መልስ ይመስላል፤ እንቅልፍ ዋጋ አገኘ። ግን ወደፊት ምን እንደሚመጣ ተጫዋቹ አያውቅም። ዛሬ ያባከናቸው ቀናትና የተሳሳተ ሹመት የሚያስከፍሉት ከብዙ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ነው፤ ግዛቱ ይፈርስና «ጨዋታው አበቃ» የሚል ይመጣል። መልሰህ ልክፈት ብትል ስህተቱ ያለው ሳምንት ያስቆጠረ ሴቭ ውስጥ ነው። ዳኛው ይቆጥር የነበረውን ሰዓት አመጡ፣ ዳኛው ይሰጥ የነበረውን ማስጠንቀቂያ ግን ረሱ። የግዛቱን አስተዳደር በራሱ እንዲሄድ የሚያደርግ ምርጫ ባይኖር ኖሮ ስንቱ ትቶት በሄደ ነበር።

የሚገርመው የ2023ቱ ባልዱርስ ጌት 3 ነው። የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ የተሸለመ፣ እኔም የምወደው ጌም ነው። ታሪኩ ሲጀምር ጭንቅላታችሁ ውስጥ ጥገኛ ትል ይከቱባችኋል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ጭራቅ ትለወጣላችሁ ይሏችኋል። የሚያገኛችሁ ሰው ሁሉ «ፍጠኑ» ነው የሚላችሁ። እና ትፈጥናላችሁ። አትተኙም። ደም እየተፋችሁ፣ ድግምተኛው ባዶ እጁን ቀርቶ፣ ትገፋላችሁ። እውነታው ግን፣ ጥቂት ቦታዎች ላይ ካልሆነ በቀር፣ የሚቆጥር ሰዓት የለም! ይባስ ብሎ የጉዞ ጓደኞቻችሁ ምሥጢራቸውን የሚያወጡት፣ የሚጣሉትና የሚታረቁት ሌሊት ሰፈር ውስጥ ነው። ያልተኛ ሰው ያን አያይም። ታሪኩን አምኖ የታዘዘው ተጫዋች ግማሹን ታሪክ አጣ፤ ታሪኩን ከቁብ ያልቆጠረው እንቅልፋም ግን ሁሉንም አየ። ይህን ያወቅኩት ጌሙን ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ ጓደኛዬ «ያ ሰውዬ ያን ሌሊት የነገረህን አስታወስክ?» ሲለኝ የምን ሌሊት ብዬ አፈጠጥኩበት።

ስድስት ከረጢት

ጠረጴዛ ላይ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጓዝ በራሱ ወረቀት ይጽፋል። አንድ ሰው አንድ ከረጢት። ባልዱርስ ጌት ላይ ግን ለአንድ ሰው 16 ቦታ፣ ለስድስት ሰው 96 ቦታ ነው፤ ሁሉንም የምታዩት እናንተ። መድኃኒቱ የማን ጋ ነው? ቀስቱ ያለቀበት ማነው? ይህን ከባድ ጋሻ ማን ይሸከም? ከአንድ ውጊያ በኋላ የሚመጣው ሥራ የመጋዘን ቆጠራ ነው።

ዲቪኒቲ፡ ኦሪጅናል ሲን 2 (2017) ላይ ደግሞ ሌላ መልክ ይዟል። እዚያ የመሣሪያ ጉልበት በየደረጃው በጣም ስለሚጨምር፣ ስትደሰቱበት የነበረው ሰይፍ ሁለት ደረጃ ካደጋችሁ በኋላ እንጨት ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ብትይዙ ችግር የለውም፤ አዲስ ነገር መልበስ ደስ ይላል። አራት ሰው ስትይዙ ግን የአራት ሰው ቁር፣ ጫማ፣ ጓንት፣ ቀለበት፣ መሣሪያ በየጊዜው መለወጥ አለበት። ገበያ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ከውጊያው ይበልጣል።

ከዚህ የሚያወጣው መፍትሔ ቀላል ነበር፤ የጋራ መጋዘን። ፒላርስ ኦፍ ኢተርኒቲ መጠን የሌለው የጋራ ማስቀመጫ ሰጠና ነገሩ አለቀ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሆኖ ሳለ ባልዱርስ ጌት 3 ሲወጣ፣ ሰፈር የተዋችሁት ሰው የያዘውን ዕቃ ለማየት እሱን ወደ ቡድኑ መመለስ ነበረባችሁ። ጥሩው ሰይፍ እሱ ጋ ከሆነ፣ ሂዱና አናግሩት። የተስተካከለው በኅዳር 2023 በመጣው አምስተኛ ማሻሻያ ነው።

ከጓዙ ጋር የሚሄድ ሌላ ጣጣ አለ። ከከባድ ውጊያ በፊት የሚደረግ የድጋፍ ድግምት ነው፦ አንዱን ከእሳት መከላከያ፣ ሌላውን ማፍጠኛ፣ ሦስተኛውን ማጠንከሪያ። ጠረጴዛ ላይ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ከመግባታችን በፊት ሁላችንም እንዘጋጃለን» ትላላችሁ፣ መሪው ይመዘግባል። ባልዱርስ ጌት 2 ላይና በኪንግሜከር ታናሽ፣ ራዝ ኦፍ ዘ ራይቸስ (2021) ላይ፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ መጫን ነው። ድግምቱን ምረጥ፣ ሰውየውን ምረጥ፣ ጠብቅ፤ ቀጥል። አንዳንዱ ድግምት የሚቆየው ጥቂት ዙር ብቻ ነው፤ አንድ ዙር ደግሞ ስድስት ሰከንድ ነው፤ የመጨረሻውን ስታደርጉ የመጀመሪያው ያልቃል። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ተነሥተው ሁሉንም በአንድ ቁልፍ የሚያደርግ ሞድ ሠሩ። አንድ ጌም ተጫዋቾቹ ሞድ ሠርተው የሚዘሉት ክፍል ካለው፣ ለሠሪው ከዚህ የበለጠ አስተያየት አይመጣለትም። ድራገን ኤጅ፡ ኦሪጅንስ (2009) ላይም የሕልሙ ዓለም እንዲሁ ነበር፦ ጓደኞቻችሁ ሁሉ ተለይተዋችሁ ብቻችሁን ረጅም ሰዓት የምትንከራተቱበት ቦታ። እሱንም የሚያስዘልል ሞድ ተሠራለት። ልብ በሉ፣ በቡድን ጌም ውስጥ ቡድኑን የወሰደው ክፍል ነው የተዘለለው።

ዳኛው የት ሄደ?

ኪንግሜከር ገና ሲጀምር አንድ ዋሻ አለ፤ ለሽማግሌ መድኃኒት ሠሪ ፍሬ ልትለቅሙ ትገባላችሁ። ውስጡ የሸረሪት መንጋ አለ። ሰይፍ አይነካውም፣ ቀስት አይነካውም፤ ሕጉ «መንጋን ብረት አይመታም» ይላል። እሳት ወይም አሲድ ያስፈልጋል። ሕጉን የማያውቅ አዲስ ተጫዋች አራት ጠንካራ ሰው ይዞ ሸረሪት እያሳደደው ያልቃል። ሕጉ ራሱ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ብልህ ነው። ጠረጴዛ ላይ አዲስ ልጆች የያዘ መሪ ግን በሩ ላይ ያስቆማቸውና «ችቦ ይዛችኋል?» ይላቸዋል። ያቺ አንዲት ጥያቄ ናት የጎደለችው።

ሌላም ልጨምር። በቀድሞዎቹ ሁለቱ ባልዱርስ ጌቶች ዋናው ገጸ ባሕርያችሁ ከሞተ ጌሙ ያበቃል። አምስቱ ጓደኞቹ ቆመዋል፣ ውጊያውን እያሸነፉ ነው፣ ሙት የሚያስነሣ ፈዋሽ እንኳ በመካከላቸው ይኖራል። ምንም ዋጋ የለውም። ሌላው ሲሞት ወደ ቤተ መቅደስ የሚሸከሙት ሰዎች እናንተን ግን መሬት ላይ ትተው ጠፉ ማለት ነው። በመጀመሪያው ጌም ላይ ከከተማ ወጥታችሁ የምትደርሱበት ቀዳሚ ማረፊያ ደጃፍ ላይ አንድ ነፍሰ ገዳይ ድግምተኛ ይጠብቃችኋል፤ 4 ነጥብ ሕይወት ይዞ ለሚመጣ ሰው ስንት ጊዜ ሎድ እንዳስደረገ ገምቱት።

ቁጥሮቹም አስተርጓሚ ይፈልጋሉ። በዚያ ዘመን ሕግ የመከላከያ ቁጥር ሲያንስ ነው የሚሻለው፤ ከ5 ይልቅ ከዜሮ በታች 5 የተሻለ ጥሩር ነው። አዲስ ገቢ ትልቁን ቁጥር መርጦ ገዝቶ ራቁቱን ይገባል። ጠረጴዛ ላይ ጎረቤትህ ያስረዳሃል። በ2000 የወጣው ሦስተኛው የሕጉ እትም ይህን ገልብጦ አስተካከለው፤ ትልቅ ቁጥር ጥሩ ሆነ።

ንግግር ላይ ደግሞ ይህን አስቡ። አራት ሰው ሆናችሁ ዘበኛ ፊት ቆማችኋል። ከመካከላችሁ አንዱ አፈ ቅቤ ነው፣ ዘበኛን ቀርቶ ዲንን ያሳምናል። ባልዱርስ ጌት 3 ላይ ግን ዘበኛው ቀድሞ ያናገረው ያንን ግልፍተኛ ተዋጊ ከሆነ፣ እስከ መጨረሻው የሚናገረው እሱ ነው። አፈ ቅቤው ከኋላ ቆሞ ጓደኛው ነገር ሲያበላሽ ያያል። እንዲህ ዓይነት ጓደኝነት አይቼ አላውቅም። ኪንግሜከር፣ ቅድም የወቀስኩት፣ እዚህ ላይ ይበልጣል፤ ንግግር ውስጥ ፈተና ሲመጣ ከቡድኑ መካከል የተሻለውን ሰው ችሎታ ይወስዳል።

ድራገን ኤጅ 2 ደግሞ የመጣው ከመጀመሪያው አሥራ ስድስት ወር በኋላ፣ በመጋቢት 2011 ነበር፤ መቻኮሉም ያስታውቃል። ያው ዋሻ፣ ያው ቤት፣ አንዳንድ በሩ ብቻ ተደፍኖ፣ ደጋግሞ ይመጣል። ለእኔ ግን ከዚያ የባሰው የጠላት ማዕበሉ ነው። ተዋጊውን ከፊት፣ ፈዋሹንና ድግምተኛውን ከኋላ አሰልፋችሁ የመጀመሪያውን ጠላት ስታሸንፉ፣ ሁለተኛው ዙር ከሰማይ እንደወረደ ድግምተኛው ጀርባ ላይ ይዘንባል። የቡድን ጨዋታ ትልቁ ደስታ አሰላለፍ ነው፤ ጠላት ከየትም የሚበቅል ከሆነ ግን አሰላለፍ ምን ያደርጋል? አጭበርባሪ ዳኛ ካለዳኛ ይብሳል።

አዛን ሲል

ይህ በፈረንጆቹ ትችት ውስጥ ብዙ ቦታ የማያገኝ ነው፤ እኛን ግን ይነካናል። ጠረጴዛ የከበቡ ሰዎች «መግሪብ ደረሰ፣ ሰግደን እንመለስ» ብለው ይነሣሉ። ጌም ላይ ይህ የሚወሰነው ሴቭ በምን ሁኔታ ይደረጋል በሚለው ነው። እነ ባልዱርስ ጌት በዚህ በኩል ምስጋና ይገባቸዋል፤ ስፔስ ስትጫኑ ዓለሙ ቀጥ ይላል፣ ውጊያ ላይ ካልሆናችሁ ባላችሁበት ሴቭ ታደርጋላችሁ። የጃፓኖቹ ግን፣ ለምሳሌ ፋይናል ፋንታሲ 7 (1997)፣ ዋሻ ውስጥ ስትሆኑ ሴቭ የሚያደርጉት በተወሰኑ ነጥቦች ላይ ነው። ቀጣዩ ነጥብ የት እንዳለ አታውቁም። ፋይናል ፋንታሲ 10 (2001) ሲወጣ የታሪኩ ትዕይንቶች የማይዘለሉ ነበሩ፤ ከአንድ ከባድ ጠላት በፊት ረጅም ንግግር ካለ፣ አሥር ጊዜ ብትሸነፉ አሥር ጊዜ ታዳምጡታላችሁ። ሰው እየጠበቃችሁ፣ ወይም የላፕቶፑ ባትሪ 6 በመቶ ላይ ሆኖ መብራት ሲሄድ፣ «ትንሽ ቆይ፣ ሴቭ ላድርግ» የምትለው ቃል የምትመጣው ከዚህ ነው። ጥፋቱ የተጫዋቹ ነው እንላለን። እውነት ነው፣ ግማሹ የእሱ ነው።

እዚሁ ጌም ላይ ሌላም ነበር። ከውጊያ የእድገት ነጥብ የሚያገኘው በዚያ ውጊያ አንድ ነገር ያደረገ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ተጫዋቾች ሰባቱንም ሰዎች በየተራ ያስገባሉ፤ አንዱ ይገባል፣ ጋሻውን ያነሣል፣ ይወጣል። ቀጣይ! ኬላ ላይ መታወቂያ እንደሚያሳይ ሰው። ካላደረጉት ደግሞ ኋላ የቀረው ሰው ቀስ በቀስ ከንቱ ይሆናል፣ ታሪኩ እሱን የሚፈልግበት ቀን ግን ይመጣል። ባልዱርስ ጌት 3 ሰፈር የቀሩትም እኩል እንዲያድጉ አደረገ፤ ማንም ተሠራረቅሁ አላለም።

ለጓደኛ ማዘዝ

ለስድስት ሰው ሥራ መልስ ከሰጡት ሁሉ የማደንቀው ፋይናል ፋንታሲ 12ን (2006) ነው። ጋምቢት የሚባል አሠራር አለው፤ ፕሮግራሚንግ ለጀመራችሁ ወዲያው ይገባችኋል። ለእያንዳንዱ ጓደኛ ሁኔታና ተግባር በቅደም ተከተል ትጽፉለታላችሁ፦ የማንም ጤና ከግማሽ በታች ከወረደ ፈውስ፤ ካልሆነ፣ መሪው የሚመታውን ጠላት ምታ። ከላይ ያለው ይቀድማል። ፈዋሹ ሳትጎተጉቱት ይፈውሳል፤ እናንተ ስለ ስልት ታስባላችሁ። የተሳሳተ ነገር ሲሠራ ጥፋቱ የጻፋችሁት ትእዛዝ ስለሆነ አያናድድም፤ ያስቃል። ድራገን ኤጅ፡ ኦሪጅንስም ተመሳሳይ ነገር ነበረው፤ ግን ተጨማሪ የትእዛዝ መስመር ለማግኘት ከእድገት ነጥባችሁ መክፈል ነበረባችሁ። ጓደኛህን «ስታመም እርዳኝ» ለማለት ክፍያ!

(በዚያው በፋይናል ፋንታሲ 12 መጀመሪያ እትም ላይ ዞዲያክ የሚባለውን ኃይለኛ ጦር በእርግጠኝነት ለማግኘት አራት የተወሰኑ ሣጥኖችን አለመክፈት ያስፈልግ ነበር። የትኞቹ እንደሆኑ ጌሙ የትም አይናገርም። ሣጥን ክፈት ብሎ ያስተማረ ጌም! መመሪያ መጽሐፍ ያልገዛ ሰው ያን ጦር አያየውም።)

ወደ ጓደኛዬና ወደ ዋሻው ልመለስ። ሐሳቤን ስነግረው «እንፈትነው» አለ። የመጀመሪያው ባልዱርስ ጌት እስከ ስድስት ሰው በኔትወርክ ያጫውታል፤ አሮጌ ጌም ስለሆነ ማንኛውም ላፕቶፕ ይችለዋል። አራት ልጆች ሆነን አንድ ዶርም ውስጥ ጀመርነው፤ ሁለቱ ሁለት ሁለት ሰው ያዙ፣ ሁለታችን አንድ አንድ።

የከረጢቱ ጣጣ በመጀመሪያው ማታ ጠፋ። መድኃኒት የማን ጋ ነው ሲባል አንድ ሰው «እኔ ጋ» ይላል፤ አለቀ። ጠባቧ ዋሻም አልከበደችንም፣ «ወደ ኋላ በል እስቲ» እየተባባልን ወጣን። በምትኩ ሌላ መጣ። አንዱ ከመንደርተኛ ጋር ሲያወራ ሌሎቻችን እጃችንን አጣጥፈን መጠበቅ ሆነ፤ እሱ ደግሞ ሁሉንም የሚያነብ ዓይነት ነው።

ዋናው ጠብ ግን በእንቅልፍ መጣ። ድግምተኛውን የያዘው ልጅ አንዷን ድግምት ወርውሮ «እንተኛ» አለ። ጓደኛዬ ተዋጊውን ይዞ፣ ጤናው ሙሉ ሆኖ፣ «አሁን ተነሥተን አሁን እንተኛ? አላፊ አግዳሚው ምን ይለናል?» አለ። ድግምተኛው ያለ ድግምት አንድ እርምጃ አልሄድም ብሎ ቆመ። ሦስተኛው፣ ሁለቱንም እየሰማ፣ «እሺ፣ ሁለት ውጊያ ሳናደርግ አንተኛም» ብሎ ፈረደ፤ ሁለቱም ተቀበሉ። ጌሙ ውስጥ የትም ያልተጻፈ ሕግ ነው። እስካሁን በእሱ ነው የምንጫወተው፤ ድግምተኛው ሁለት ጊዜ ሞቷል።